የመኪና ራዲያተርን በጽኑ ሙቀት፣ በአቧራና በብርድ አካባቢ መንከባከብና መጠገን

ኮፈኑ ተከፍቶ በመንገድ ዳር እንፋሎት የሚተፋ መኪና በአብዛኛው የታመመው በዚያ ሰዓት አይደለም። ከወራት በፊት የተጨመረው የቧንቧ ውሃ፣ በጭቃና በነፍሳት የተደፈነው የራዲያተር ፊት፣ ጎማው ደርቆ ግፊት መያዝ ያቃተው ክዳን ሲጠራቀሙ ቆይተው እጅግ በሚሞቅ ቀን ወይም በረጅም ዳገት ላይ በአንድነት ይገለጣሉ። አየሩ ለዘብ ባለበት አካባቢ በከፊል የተደፈነ ራዲያተር ሳይታወቅበት ብዙ ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ የቀኑ ሙቀት 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት፣ አቧራ በሚበዛበት ወይም ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ቦታ ግን ጉድለቱ ወዲያውኑ ይታያል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ለምርመራና ለጽዳት ከብየዳው የበለጠ ቦታ ይሰጣል፤ መንሥኤው ሳይታወቅ የተበየደ ራዲያተር ተመልሶ መፍሰሱ አይቀርምና።

ራዲያተሩ ከሞተሩ የሚመጣውን ትኩስ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያሳልፋል፤ ሙቀቱንም በቱቦዎቹ መካከል በተደረደሩት ሽንሽን ቅጠሎች በኩል ለሚያልፈው አየር ያስረክባል። የሚያስረክበው የሙቀት መጠን የሚወሰነው በኩላንቱና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ኩላንቱ 95 ዲግሪ፣ አየሩ ደግሞ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነው፤ አየሩ ወደ 45 ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ 50 ብቻ ይሆናል። ይህም ማለት ምንም ጉድለት የሌለበት ራዲያተር እንኳ ከማቀዝቀዝ አቅሙ አንድ ሦስተኛውን በአየሩ ሙቀት ብቻ ያጣል ማለት ነው። በቅጠሎቹ ላይ የተጋገረው አቧራና በቱቦዎቹ ውስጥ የረጋው ዝገት የሚቀንሱት ከዚህ ከቀረው ላይ ነው።

ከፍታም የራሱ ጫና አለው። ውሃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ሲፈላ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ300 ሜትሩ የመፍያ ነጥቡ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት በዚህ ሙቀት እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በአብዛኞቹ መኪናዎች ከ0.9 እስከ 1.1 ባር የሚደርስ ግፊት የሚይዝ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል የ1 ባር ተጨማሪ ግፊት የውሃን የመፍያ ነጥብ ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ትንሹና ርካሹ ዕቃ ክዳኑ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔም በአንድ ወቅት በየዳገቱ የሚግል መኪና ራዲያተሩን አስወርጄ፣ አስጠርጌና አስበይጄ ከጨረስኩ በኋላ ጥፋቱ የክዳኑ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ከዚያ ወዲህ ምርመራዬን የምጀምረው ሁልጊዜ ከክዳኑ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ትኩስ ራዲያተር በፍጹም አይከፈትም። ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀው ፈሳሽ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ሞተሩን አጥፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠብቁ፤ ከዚያም የላይኛውን የጎማ ቱቦ ጨምቀው ግፊት አለመኖሩን ያረጋግጡ። ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው፣ መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩት፤ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ብቻ ተጭነው ይክፈቱት። የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል፣ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ።

አብዛኛው ኩላንት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ እንስሳትና ሕፃናት ሊጠጡት ይችላሉ፤ ጥቂቱም ኩላሊትን ያበላሻል። የሚፈሰውን በሳፋ ይቀበሉ፤ መሬት ላይ አይድፉት፤ ለመጠጥ በሚያገለግል ጠርሙስም አያስቀምጡት።

የየሳምንቱ ቅኝት

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በትርፍ ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን መጠን ይመልከቱ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደጋግሞ ከቀነሰ መሙላቱን ብቻ አይቀጥሉ፤ የተዘጋ ሥርዓት ስለሆነ የጎደለው ፈሳሽ የሄደበት ቦታ አለ። ቀጥሎ ክዳኑን ይፈትሹ፦ የጎማ ቀለበቱ የተሰነጠቀ ወይም የጠነከረ ከሆነ፣ ስፕሪንጉ ከላላ ወይም ከዛገ ይለውጡት፤ አዲሱም በአሮጌው ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ያለው ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር ያለውን ክዳን መግጠም የደከመውን ቱቦና ታንክ (በራዲያተሩ ጫፍ ያለውን የኩላንት መያዣ) ያፈነዳል እንጂ ሞተሩን አያድንም።

የጎማ ቱቦዎቹን በእጅዎ ጨመቅ ያድርጓቸው። ጤነኛ ቱቦ ተጨምቆ ይመለሳል፤ እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ወይም ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) አጠገብ ያበጠ ቱቦ ደግሞ ረጅም መንገድ አይወስድም። ቺንጋው መላላቱንና መሰንጠቁን ይዩ፤ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ከሆነ መበጠሱ ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያግለዋል። በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ መኪና ከሆነ ራዲያተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች አይርሱ፤ ጎማዎቹ ሲያልቁ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ታንኩ ስለሚሄድ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ብየዳውም የማይበረክተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የውጪውን ፊት ማጠብ

አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ይህን ሥራ በየወሩ፣ ከባድ የአሸዋ ነፋስ ካለፈ በኋላም ወዲያውኑ መሥራት ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው፤ ደረቅ አቧራ ላይ ውሃ ሲረጭ ጭቃ ይሆንና በቅጠሎቹ መካከል ሲደርቅ እንደ ምርጊት ይጋገራል። ስለዚህ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ቢቻልም ለዘብ ባለ የኮምፕረሰር አየር ደረቁን ያራግፉ። አየሩም ሆነ ውሃው የሚላከው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ ነው፤ ቆሻሻው የገባው ከፊት ለፊት ስለሆነ ከፊት መርጨት ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰድደዋል።

ከአቧራው በኋላ በአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ቀጥ አድርገው፣ ሳያጋድሉ ያጥቡ። ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ ቅርብ ከሆነ ቅጠሎቹን አጣጥፎ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ዘይት የነካው አቧራ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ በሳሙና ውሃ ወይም ለአሉሚኒየም በሚሆን የዘይት ማስለቀቂያ አርሰው ጥቂት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ያጥቡት፤ ዘይቱ ከየት እንደመጣም ይፈልጉ። የተጣጠፉትን ቅጠሎች በቀጭን ጠፍጣፋ ነገር አንድ በአንድ ያቅኑ፤ ቱቦዎቹን ግን እንዳይነኩ። የኤሲ ኮንደንሰር ያለው መኪና ከሆነ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል መኪና በዚያ ክፍተት ውስጥ የሣር፣ የላባና የአቧራ ግግር ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። በባሕር ዳርቻ ወይም ጨው በሚረጭባቸው መንገዶች የሚነዳ መኪና ጨው ቅጠሎቹን ስለሚበላ በንጹሕ ውሃ በተደጋጋሚ መታጠብ ይኖርበታል።

ኩላንቱን መለወጥ

ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሙቀትን በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል፤ ይህ እውነት ሰዎችን ያሳስታል። ውሃ ብቻውን ብረቱን ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ነጭ የኖራ ቅርፊት በቱቦዎቹ ውስጥ ያስቀምጣል። ኩላንት የሚያስፈልገው ለብርድ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ የኤቲሊን ግላይኮል ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም፤ የመፍያ ነጥቡም ያለ ግፊት እንኳ ወደ 107 ዲግሪ ይደርሳል። ውርጭ ፈጽሞ በማይደርስበት ሞቃት አካባቢ የኩላንቱን ድርሻ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከ3 እጅ 1 እጅ በታች ከወረደ ግን ዝገት የመከላከል ኃይሉ ይደክማል። በሌላ በኩል ከ70 በመቶ በላይ ማድረግ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሙቀት መሸከሙም ይቀንሳል፣ ብርድ መቋቋሙም ይቀንሳል፤ ያልተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል 13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ሲደርስ ይረጋልና።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው፦ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆኑ የኩላንቱን ዓይነት አያረጋግጥም። ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ዝልግልግ ዝቃጭ ፈጥረው ቱቦዎቹን ሊደፍኑ ስለሚችሉ፣ በመኪናው መመሪያ የተጠቀሰውን ዓይነት ይያዙ፤ ያለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ሙሉውን አጥበው ይለውጡ። የቆየው ዓይነት ኩላንት በየ2 ዓመቱ፣ ረጅም ዕድሜ የሚባለው በየ5 ዓመቱ ገደማ ይለወጣል፤ በጽኑ ሙቀት ለሚሠራ መኪና ግን እነዚህን ጊዜያት ማሳጠር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው እንዲህ ይከናወናል።

1. መኪናውን በደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የካቢኑን ማሞቂያ ወደ ሙቅ ያዙሩ፤ ክዳኑን ይክፈቱና ሳፋውን ከታች ያስቀምጡ። የታችኛውን ማፍሰሻ በቀስታ ይክፈቱ፤ ከፕላስቲክ የተሠራና የጠነከረ ከሆነ ስለሚሰበር አያስገድዱት፤ በምትኩ የታችኛውን የጎማ ቱቦ ፋሸታ አላልተው ያፍስሱ።

2. የወጣውን ፈሳሽ በደንብ ይመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ዝገት አለ፤ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈበት የዘይት ማቀዝቀዣው ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) አጠራጣሪ ነው፤ እንደ ወተት የነጣ ሮዝ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በራዲያተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ስለሚችል መኪናው መነዳት የለበትም።

3. ማፍሰሻውን ዘግተው በንጹሕ ውሃ ይሙሉ፤ የላይኛው ቱቦ ትኩስ እስኪሆን ድረስ ሞተሩን ያስነሡ። ይህ ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው መዝጊያ) መከፈቱን ያሳያል፤ በአብዛኛው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ይከፈታል። አጥፍተው፣ አቀዝቅዘው ያፍስሱ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይደጋግሙ፤ የመጨረሻውን ጊዜ ለባትሪ በሚጨመር የተጣራ ውሃ (በአሲዱ ሳይሆን) ያድርጉት። ዝገቱ ብዙ ከሆነ ራዲያተሩን አውርደው ከታችኛው አፍ ወደ ላይኛው፣ ማለትም ከተለመደው ፍሰት በተቃራኒ፣ በቀስታ ውሃ ያሳልፉ። አሉሚኒየም ራዲያተር ውስጥ ኮስቲክ ሶዳም ሆነ ጠንካራ አሲድ አይገባም።

4. ሲሞሉ የሚረሳ ነገር አለ፦ ከእጥበቱ በኋላ በሞተሩ ውስጥ የማይፈስ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ የተበረዘ ኩላንት ከጨመሩ ከሚፈለገው በላይ ይቀጥናል። የሥርዓቱ ጠቅላላ መጠን 8 ሊትር ከሆነ መጀመሪያ 4 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ያስገቡ፤ የቀረውን በተጣራ ውሃ ይሙሉ።

5. አየሩን ያስወጡ። የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለ አላልተው አረፋ የሌለው ፈሳሽ እስኪወጣ ይጠብቁ፤ ከሌለ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርገው በዝግታ ይሙሉ፤ የላይኛውን ቱቦ ደጋግመው ይጨምቁ። ክዳኑን ዘግተው ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን ያስነሡ፤ ሲቀዘቅዝ መጠኑን እንደገና ይሙሉ። በሞተሩ ራስ ውስጥ የታሰረ አየር የሙቀት መለኪያውን ያሳስታል፤ መለኪያው ደኅና እያሳየ ብረቱ ሊቃጠል ይችላል።

ሲግል ምክንያቱን መለየት

መኪናው መቼ እንደሚግል ማስተዋል ከማናቸውም መሣሪያ በፊት ይቀድማል። ቆሞ ወይም በዝግታ እየሄደ ግሎ ፍጥነት ሲጨምር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ችግሩ ወደ ፋኑ ያመለክታል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ፊውዙን፣ ሪሌዩንና የሙቀት ሴንሰሩን ይፈትሹ፤ ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝተው መዞሩን ይዩ። በተቃራኒው በከተማ ደኅና ሆኖ በረጅም መንገድ ፍጥነትና በዳገት የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ በውጪ ወይም በውስጥ ተደፍኗል፣ አለዚያም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ሞተሩ ከተነሣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከጋለ፣ የላይኛውም ቱቦ ቀዝቃዛ እንደሆነ ከቀረ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ተጣብቋል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በሞቃት አገር የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም አልደግፈውም፤ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ሳይደርስ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ኩላንቱ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ እንዲዞር ያደርጋል።

በውስጥ የተደፈኑ ቱቦዎችን ለማግኘት ሞተሩ ሞቆ ፋኑ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በሙቀት መለኪያ መሣሪያ ይቃኙ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መውረድ አለበት፤ በመካከል ቀዝቃዛ መስመር ከተገኘ በዚያ ኩላንት አያልፍም።

የሚፈስበትን ቦታ ማግኘት

ኩላንት ፈሶ ሲደርቅ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ዝገት መሰል ቅርፊት ይተዋል፤ በመጋጠሚያዎች፣ በፓምፑ ሥርና በታንኩ ጠርዝ ይፈልጉት። ካልተገኘ በክዳኑ ቦታ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ገጥመው በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ብቻ ይንፉ፤ ለ15 ደቂቃ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን ይከታተሉ። ራዲያተሩ ወርዶ ከሆነ አፎቹን ደፍነው፣ ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ሞልተው ውሃ ውስጥ ያጥልቁት፤ ጎማ ሲጠገን እንደሚደረገው አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል።

ግፊቱ እየወረደ በውጪ ምንም ካልታየ ሁለት ቦታ ይቀራል። የካቢኑ ምንጣፍ ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ካለ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ያፈስሳል። ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ የሞተር ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ እንዲህ ያለውን መኪና ራዲያተሩን በመጠገን ማዳን አይቻልም።

ጥገናው

የጥገናው መንገድ በራዲያተሩ ብረት ይወሰናል። በመዳብና በናስ የተሠሩት የቆዩ ራዲያተሮች በቆርቆሮ ብየዳ ይጠገናሉ፤ በጽኑ አየር ንብረት ብዙዎች የሚወዷቸውም ለዚህ ነው። የሚያፈስሰውን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፤ የብየዳ ማጽጃ ፈሳሹን (ፍላክስ) ቀብተው በትንሽ ነበልባል ያሙቁ። 60 እጅ ቆርቆሮና 40 እጅ እርሳስ ያለበት ብየዳ ከ183 እስከ 190 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ አጠገቡ ያሉት ነባር ብየዳዎችም በተቀራራቢ ሙቀት ስለሚቀልጡ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኗቸው። ብየዳውን የሚያቀልጠው ነበልባሉ ሳይሆን የሞቀው ብረት መሆን አለበት፤ አለዚያ ላዩን ይንጠባጠባል እንጂ አይይዝም። የእርሳስ ጭስ ስለሚጎዳ አየር በሚያገኝ ቦታ ይሥሩ፤ ሲጨርሱ የማጽጃውን ቅሪት በሙቅ ውሃ ያጥቡ፤ ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል። በመካከል ያለ ቱቦ ከተቀደደ ቅጠሎቹን ቆርጠው ቱቦውን ከሁለቱም ወገን በብየዳ መድፈን ይቻላል፤ እያንዳንዱ የተደፈነ ቱቦ ግን የማቀዝቀዝ አቅም ስለሚቀንስ ሁለት ሦስት ከሆነ በኋላ ራዲያተሩን መለወጥ ይሻላል።

አሉሚኒየም በዚህ መንገድ አይበየድም፤ ላዩን የሚሸፍነው ኦክሳይድ ተራውን ቆርቆሮ አያስይዝም። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ከሆነ ለብረት በሚሆን ባለሁለት ድብልቅ ኢፖክሲ መዝጋት ይቻላል። ሥርዓቱን አፍስሰው ያድርቁ፤ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ፤ በአልኮል ወይም በአሴቶን ቅባቱን ያስለቅቁ፤ ኢፖክሲውን ወደ ቀዳዳው ተጭነው ይቀቡና ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር፣ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት፣ ሳይነኩት ያቆዩ። የፕላስቲክ ታንክ መሰንጠቅ ግን ከቀዳዳ ይለያል፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ደርቋልና ዛሬ የተለጠፈው ነገ በአጠገቡ ይሰነጠቃል። ታንኩን ለብቻው ለመለወጥ ዙሪያውን የያዙትን የአሉሚኒየም ጥርሶች በፒንሳ ጥቂት በጥቂት ከፍተው፣ አዲስ የጎማ ቀለበት አስገብተው፣ ከመካከል ጀምረው በተቃራኒ ወገን እየተፈራረቁ ያጥፉ። ጥርሶቹ አንድ ጊዜ መከፈትን ይችላሉ፤ ሲደጋገም ይሰበራሉ።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን ቀዳዳ ደፋኝ ዱቄትም ሆነ እንቁላል አልመክርም። ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር ቀጫጭኑን ቱቦና የማሞቂያውን ራዲያተርም ይደፍናል።

መንገድ ላይ ሲያጋጥም

የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ኤሲውን ያጥፉ፤ የካቢኑን ማሞቂያ ወደ ሙሉ ሙቅና ወደ ከፍተኛ ነፋስ ያዙሩ፤ ምቾት ቢነሳም ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ዳር ይዘው ይቁሙ። እንፋሎት ከሌለና ኩላንቱ ካልፈሰሰ ሞተሩን ለአፍታ በቀስታ ማዞር ይጠቅማል፤ እንፋሎት ካለ ግን ወዲያውኑ ያጥፉ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቃል፤ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ብቸኛው መንገድ ነው። ከበረደ በኋላ የተበጠሰ ቱቦን ጫፍ ቆርጦ መልሶ በፋሸታ ማሰር፣ የተገኘውን ንጹሕ ውሃም መጨመር ይቻላል፤ ጋራዥ እንደደረሱ ግን ሥርዓቱ ታጥቦ ኩላንቱ መስተካከል አለበት። ረጅም በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ቢያንስ 10 ሊትር ውሃ፣ ትርፍ የላይኛና የታችኛ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ክዳንና ሁለት ፋሸታ ሳይዝ መነሣት የለበትም።

በጽኑ ብርድ

ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ይህ መስፋት ራዲያተሩን ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ብሎክ ጭምር ይሰነጥቃል። የብርድ ወቅት ከመግባቱ በፊት በሬፍራክቶሜትር ወይም በተንሳፋፊ መለኪያ የኩላንቱን ጥንካሬ ይለኩ፤ በበጋ ለመንገድ ተብሎ የተጨመረው ውሃ ሁሉ አቅጥኖታልና። ኩላንቱ ረግቶ ከተገኘ ሞተሩን አያስነሡ፤ መኪናውን ሙቀት ወዳለበት ቦታ አስገብተው በራሱ እንዲቀልጥ ይተዉት፤ ከዚያም ከመነዳቱ በፊት በግፊት ይፈትሹት። በከባድ ብርድ የራዲያተሩን ፊት በካርቶን በከፊል መሸፈን ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳል፤ ሙሉውን ግን አይሸፍኑ፤ አየሩ ሲሞቅም ማንሣትዎን አይርሱ።

ማናቸውም ጥገና ካለቀ በኋላ በማግስቱ ጠዋት መጠኑን ይመልከቱ፤ ከሳምንት በኋላም ፋሸታዎቹን እንደገና ያጥብቁ። የኩላንቱን ዓይነት፣ ድርሻውንና የተለወጠበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ጽፈው በትርፍ ማጠራቀሚያው አጠገብ ይለጥፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ኮፈኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።